ወንበዴውን የወገሩ ልጆች

አንድ ደግ ወጣት በድንጋይ ተመትቶ ጥርሱን ሲተፋ አይቻለሁ። የመቱት ልጆችም ክፉ ልጆች አልነበሩም። ሁለቱንም ወገን አውቃቸዋለሁ፤ በመካከላቸው ቆሜ የአንዱን ቃል ለሌላው የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ፈረንጆቹ የሚመጡት በነሐሴ ነው። እነሱ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው፣ ፀሐይም የሚወጣው ያኔ ስለሆነ ድሃ ልጆችን ለማገልገል ባሕር የሚሻገሩት ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ነሐሴ ማለት ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነው። ብርድ እንዳለ አስቀድመን ነግረናቸው ነበር፤ ሰው ግን በራሱ በጋ ውስጥ ተቀምጦ የሌላ አገር ብርድ ሲነገረው አያምንም። ስስ ጃኬት ለብሰው፣ እየሳቁ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ከመኪና ወረዱ።

አባል የሆንኩባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ስትቀበል የማስተረጉመው እኔ ነኝ። መተዳደሪያዬ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። እንግሊዝኛን የለመድኩት ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አይደለም፤ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ በመሆኑ ከሰው አፍ ይልቅ ወረቀት ይቀለኛል። ስናገር እንደ መጽሐፍ ነው የምናገረው ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ስተረጉም አንዲት ቃል አልጥልም፣ አንዲት ቃልም ከራሴ አልጨምርም።

መጠለያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከወለጋ የተፈናቀሉ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው በሸራ ቤት ይኖሩበታል። ነፋሱ ሸራውን እንዳያነሳው ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል። ከአስፋልቱ ሲያዩት ጸጥ ያለ ሰፈር ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጠብ አይጠፋም። ሴቶቹ ውሃ ወረፋ ላይ በጀሪካን ይፈነካከታሉ። የሚያርሰው መሬት የሌለው ገበሬ ቀኑን ሙሉ እጁን አጣምሮ ይውልና ሲመሽ ያ እጅ የሚያርፍበት ይፈልጋል። ልጆቹ አንድ ጨዋታ አላቸው። ግማሾቹ ይሸሻሉ፣ ግማሾቹ ያሳድዳሉ፣ የተያዘ ይሞታል። ሞተሃል የተባለ ልጅ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሳም፤ ዝናብ ቢመጣበትም አይነሳም።

እኔን ወደዚያ የምታመላልሰኝ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷን፣ እናቷንና ወንድሞቿን ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ገድለውባታል። እሷ የተረፈችው እናቷ ስር ተኝታ ነው። ይህን የነገረችኝ የምታሳድጋት አክስቷ ናት። ልጅቷ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አትልም፤ ስለሌላው ነገር ሁሉ ግን አፍ አላት። ከመጡ ጀምሮ ከሸራው ደጃፍ አልፋ አታውቅም። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ትሳደባለች።

«እትዬ፣ ዛሬም መጣሽ? ቤት የለሽም እንዴ?»

«አለኝ።»

«ባልስ?»

«የለኝም።»

«ይሄን የማትለዪውን መጽሐፍ አይቶ ነዋ የሸሸው።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» ትላለች አክስቷ ከውስጥ። ትላለች እንጂ እየሳቀች እንደሆነ ከድምጿ ይታወቃል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። መስከረም ሲጠባ ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት እንድትገባ። ሙሉ ሴት ሆኜ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ነበር፣ ከኋላዬ የሚቀመጡት ልጆች ሰሌዳውን ከለለችን ብለው ጀርባዬን በእርሳስ ይወጉኝ ነበር። ያ እንዲደርስባት አልፈለግኩም። አክስቷ ግን ልጅቷን ከዓይኗ ማራቅ ፈራች። ብዙ ከተከራከርን በኋላ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«እዚሁ ሜዳው ላይ፣ ሰው መሃል ቁጭ ትበልና ልያት። ከቻለች ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከደነገጠችብኝ ግን ትምህርት የሚለውን ቃል ሁለተኛ እዚህ ሸራ ውስጥ እንዳታነሺ።»

«ይሁን።»

«ፈረንጆቹ ለልጆች ድራማ ሊያሳዩ ነው አሉ። የምን ድራማ ነው?»

«የደጉ ሳምራዊ።»

«መንገድ ላይ ደብድበው የጣሉት ሰውዬ?»

«እሱ።»

እጇ ላይ የነበረውን ጎመን ቆረጠችና ቆረጠችና፣ «አይሆንም» አለች።

«አነጋግራቸዋለሁ። የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይኖረው አደርጋለሁ። እኔ አለሁ እኮ!»

«አንቺ አለሽ» አለች፤ አትጠይቀኝም፣ አታምነኝምም ነበር። ልጅቷ ግን ከደጃፉ፣ «እሄዳለሁ። ግመሉን ነው የማየው» አለች።

ግመሉ ከእንግዶቹ አንዱ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ በሩ ሁሉ አናቱን የሚመታው ረጅም ልጅ ነበር። የመጠለያው ልጆች ክንዱ ላይ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፣ ትከሻው ላይ ይወጣሉ። እሱም ሲጠሩት እንደ ግመል ያጓራላቸዋል። ድራማው ውስጥ ወንበዴ የሚሆነው እሱ ነበር።

የቡድኑን መሪ በዚያው ቀን አነጋገርኳት። ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ከመጣች ጀምሮ ተንበርክካ የልጆቹን ጭንቅላት በሞቀ ውሃ እያጠበች፣ ቆረቆር የያዘውን አናት በቅባት ትቀባ ነበር። እኔ የማልነካውን አናት በባዶ እጇ ስታሽ አይቻለሁ። ስለዚህ ንግግሬን በአክብሮት ጀመርኩ። እነዚህ ልጆች ድብደባ በታሪክ የሚሰሙ ልጆች አይደሉም፣ አይተውታል፤ ድራማው ይቅር አልኳት።

«ታሪኩን የተናገረው እኮ ኢየሱስ ነው» አለችኝ። «እሱ ለተጎዱ ሰዎች የተናገረውን እኛ ለምን እንፈራዋለን?»

«እሱ ተናገረው እንጂ ሲደበደብ አላሳየም።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ እጇን በፎጣ አደረቀች። ድራማውን መተው አልፈለገችም። የጠየቅኳትን ሌላ ነገር ሁሉ ግን ተቀበለች። ወንበዴው ጭምብል አያደርግም። ስለት አይኖርም። ዱላው በጨርቅ የተሞላ ካልሲ ይሆናል። ከኋላ አድፍጦ አይመጣም፤ ልጆቹ ከሩቅ እያዩት ግመሉ እንደሆነ አውቀው እየሳቁ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲለማመዱ ተቀምጬ ተመለከትኩ። ተጓዥ የሚሆነው የኛው መዘምራን ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ካልሲው ሲያርፍበት «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ሲወድቅ እኔም ሳቅኩ። ይህስ አያስደነግጥም አልኩ።

በዕለቱ ዝናቡ አባራ፤ ነፋሱ ግን ከጣርማ በር ተራራ በኩል እየገረፈ ይመጣ ነበር። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። አክስትየዋ የልጅቷን እጅ ይዛ መጣች፤ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ቆመች፣ ሁለት ጊዜ ተራመደች፣ በመጨረሻ ከልጆቹ መሃል ተቀመጠች። ወዲያው ከአጠገቧ ያለውን ልጅ በክርኗ ገፋችው። «ጠጋ በል፣ ሸተትከኝ።» አክስቷ ከዳር ሆና አየችኝ። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ነበር።

አስተርጓሚ ፊቱን የሚያዞረው ወደሚሰማው ሰው ነው። ስለዚህ ለትዕይንቱ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ልጆቹን እያየሁ ቆምኩ። መሪዋ በእንግሊዝኛ ትተርካለች፣ እኔ በአማርኛ አደርሳለሁ። «አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርድ ነበር» አልኩ። የኪቦርድ ተጫዋቹ አካሄድ አሳቃቸው። «በመንገድም ወንበዴዎች አገኙት» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ቀስ ብሎ አልቀነሰም፤ እንደተቆረጠ ክር ነው የቆመው። የልጆቹ ፊት ሁሉ አንድ ፊት ሆነ። ዓይኖቻቸው ከኔ ትከሻ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ተተከሉ። አንድ ትንሽ ልጅ ሱሪው ላይ ሸናበት፤ እንደሸናበት አላወቀም። ዘወር አልኩ።

ግመሉ በርዶት ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ጠዋት ገበያ ወጥቶ የአንገት ፎጣ ገዝቷል። ባለሱቁም ለእንግዳ ደግነት ብሎ፣ የጣርማ በር ገበሬ ለነፋስ እንደሚያደርገው ከአንገት እስከ አፍንጫ እንዴት እንደሚጠመጠም አሳይቶታል። እኔ ስለ ጭምብል ነበር የተነጋገርኩት፤ እሱም ጭምብል አላደረገም። ዓይኑ ብቻ ይታያል። ተራውን የሚጠብቀው ነፋስ ለመከለል ከሸራዎቹ ኋላ ተጠግቶ ስለነበር የወጣውም ከሸራዎቹ ኋላ ነው። ካልሲውን አናቱ ላይ አንስቶ እያጓራ ሮጠ፤ ተጫዋቹን መታው፣ ጣለው፣ በላዩ ቆሞ ደጋገመው።

የጮኸ ልጅ አልነበረም። ይሸሻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሸሹም። የቅርቡ ልጅ ጎንበስ ብሎ ከሸራው ጠርዝ ድንጋይ ነቀለ፤ ሌላው ነቀለ፤ ሸራው በነፋስ ተነስቶ መጨብጨብ ጀመረ። የመጀመሪያው ድንጋይ ግመሉን ደረቱ ላይ አገኘው። ጨዋታ መስሎት ድምፁን ጨምሮ አጓራላቸው። ሁለተኛው አፉ ላይ አረፈ። ፎጣው ላይ ደሙ ሲወጣ ልጆቹ ባንድ ላይ ሄዱበት። ጉልበቱን መቱት፣ ወደቀ፤ ሲወድቅ ሽቅብ ያዩት የነበረው ሰው እጃቸው ስር ገባ። በጣሳ ቀጠቀጡት። አንዲት ልጅ ክንዱን ነክሳ አልለቅ አለች፤ ያ ክንድ ትናንት የተንጠለጠለችበት ነው።

«ግመሉ ነው! ልጆች፣ ግመሉ ነው!» እያልኩ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። አንዱን ጎትቼ ሳወጣ ሌላው ይገባል። እኔም ክርኔ ላይ ተመታሁ። ጩኸቴን የሰሙ ወንዶች ልጆቻቸው የተነኩ መስሏቸው ዱላ ይዘው ከየሸራው ወጡ፤ አንዱ መጥረቢያ ይዞ ነበር።

በዚህ መሃል የመጠለያው ጠባቂ ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ያንን አልረሳውም። ሜዳው በሙሉ ባንድ ጊዜ ወደቀ። መጥረቢያ የያዘው ሰውዬ በሆዱ ተኛ፤ ሴቶቹ ያገኙትን ልጅ ስራቸው ከተው ተኙ፤ እኔም ጭቃው ውስጥ አፌን ደፋሁ። ቆመው የቀሩት ፈረንጆቹ ብቻ ነበሩ። የጥይት ድምፅ ምን እንደሚያስደርግ ያላስተማራቸው አገር ልጆች ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

ቀና ስል የፈለግኩት ልጅቷን ነው። ከወጋሪዎቹ መሃል አልነበረችም። ወንበዴው የደበደበው ተጓዥ ላይ፣ ያ ኪቦርድ ተጫዋች ላይ፣ እጅና እግሯን ዘርግታ ተኝታበት ነበር። ሊነሳ ይሞክራል፤ በቡጢ ጆሮው ላይ ትመታዋለች።

«አትተንፍስ!» ትለዋለች በሹክሹክታ። «ሙት! ሙት አልኩህ እኮ!»

«ልጄ፣ ድራማ ነው» ይላታል።

«ዝም በል! ይሰሙሃል! ዓይንህን አትጨፍን፤ የሞተ ሰው አይጨፍንም!»

ጠጉሩን ጨብጣ ፊቱን ጭቃው ውስጥ ደፈቀችው። ወደ ወንበዴው ከተወረወሩት ድንጋዮች አንዱ ስቶ እሷን አግኝቷት አናቷ ተፈንክቷል፤ ደሙ በጆሮዋ በኩል ወርዶ የተጫዋቹን ነጭ ልብስ አበላሽቶታል። ከሱ ላይ ያነሳናት ለሁለት ነው፤ እኔን ደረቴ ላይ ረገጠችኝ።

አክስቷ ደረሰች። ደሙን አየች። ልጅቷን ከእጄ ነጠቀችና በሌላ እጇ በጥፊ መታችኝ። መነጽሬ ወደቀ።

«አንቺ አለሽ! አላልሽም? ‹እኔ አለሁ› አላልሽኝም? በይ ይኸው አለሽ!»

ደገመችኝ። የሚይዛት ሰው ነበር፤ የያዛት ግን የለም። እኔም ፊቴን አልሸሸሁም።

ሕክምና ቦታ ያደረሰን የፈረንጆቹ መኪና ነው። ልጅቷና ግመሉ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የሱ ከንፈር ተተርትሮ፣ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። እሷ አናቷ እየተሰፋ የምትሰፋትን ነርስ፣ «አንቺ ጆንያ ነው የምትሰፊው?» እያለች ትሳደባለች። ነርሷ ስትጨርስ ልጅቷ ፎጣ የሌለበትን የግመሉን ፊት ትክ ብላ አየችው።

«ግመሉን ማን መታው?» አለችኝ።

«ልጆቹ ናቸው። ወንበዴው እሱ ነበር እኮ።»

«ውሸታም።»

መሪዋ ስታለቅስ ቆይታ መጥታ አክስትየዋ እግር ላይ ወደቀች። የምትለውን ሁሉ አደረስኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ ትላለች አልኩ። አክስትየዋ እግሯን ሰበሰበች።

«ከእግሬ ላይ ተነሺልኝ በያት። ይቅርታ አልከለክላትም፤ አንቺን ነው የምከለክልሽ።» እሱንም ሳልቀንስ ተረጎምኩት።

ግመሉ ከቡድኑ ሁለት ሴቶች ጋር ወደ አገሩ ተመለሰ። መሪዋ የጀመርኩትን አናት ሳልጨርስ አልሄድም ብላ በማግስቱ መጠለያው ገባች፤ ልጆቹም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተሰልፈው አናታቸውን ደፉላት። «ግመሉ የት ሄደ?» ይሉኛል። የመታችሁት እኮ እሱን ነው ስላቸው አንዱ ትልቅ ልጅ አዘነልኝ። «እትዬ፣ ተሳስተሻል። ያ ሌላ ሰውዬ ነው። ያንንማ እናውቀዋለን» አለኝ። እኔ ወደ ሸራው ደጃፍ አልሄድኩም፤ ቃሌን ሰጥቼ ነበርና ትምህርት የሚለውን ቃል እዚያ አላነሳሁም።

የትምህርት ቤት ምዝገባ ሊዘጋ ሲል አክስትየዋ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጣች። አንባቢዎቹ ሁሉ ቀና ብለው እስኪያዩአት በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

«ነይ ልጅሽን ውሰጂ!»

«ምን ሆነች?»

«ወጣች! አንቺ እንደፈለግሽው ወጥታልሻለች! አሁን ማን ይመልሳት? ትናንት የጎረቤቴን ልጅ አናቱን ፈነከተችው፣ ከትናንት በስቲያ አንዱን ነከሰች። በዚያ በሚሳደዱበት ጨዋታ ገብታ አሳዳጅ ካልሆንኩ ትላለች። የሰፈሩ እናቶች ተሰብስበው መጡብኝ። ትምህርት ቤት አስገቢያት፤ ቢያንስ እዚያ የሚመታትም ይገኛል።»

«ይቅር ብለሽኝ ነው?»

«አላልኩም። ነይ ግን።»

በመጀመሪያው ቀን አረፈድን። አክስትየዋ ጠባሳውን በሻሽ ልትሸፍን፣ ልጅቷ ሻሹን ልትቀድ ሲታገሉ ደወሉ ተደወለ። በሩ ላይ የረፈደባቸው ልጆች ተደርድረው ነበር፤ ተረኛው መምህር የተቆረጠ ጎማ ይዞ ተራ በተራ መዳፋቸውን ይገርፋል። መምታት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ ልማዴ ስለሆነ አነበብኩት። ልጅቷ ወዲያው የምትዘልበት፣ የምትነክሰው፣ በዚያው የምትባረር መስሎኝ ከፊቷ ቆምኩ።

«መምህር፣ ይህች ልጅ ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ያረፈድነው እኛ ነን። እሷን አትነካትም።»

«እሜቴ፣ ሁሉም እናት እንደሱ ነው የሚለኝ። ወይ ትሰለፍ፣ ወይ ይዘዋት ይመለሱ።»

ጎማውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ቀሚሴ ከኋላ ተጎተተ።

«ተይ እትዬ» አለችኝ። «እንደነሱ ተመትቼ ልግባ።»

በጎኔ አልፋ ሄዳ ከመጨረሻው ልጅ ቀጥላ ቆመች። ከፊቷ የነበረው ልጅ ሲመታ እጁን እያራገበ ዘለለ፤ እሷ እሱን አላየችም፣ ጎማውንም አላየችም፣ የመምህሩን ፊት ነበር የምታየው፤ ፊቱ አልተሸፈነም። ተራዋ ሲደርስ ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋች። መታት። አንዱንም እጇን አልሰበሰበችም፤ ደገማት። ከዚያ እጆቿን ብብቷ ስር ከታ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ የት እንደሆነ ወደማታውቀው ክፍል እየሮጠች ገባች።

ስወጣ አክስቷ አጥሩ ጥግ ቆማ ነበር።

«መታት?»

«መታት።»

«መለሰችለት?»

«አልመለሰችም።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም።»

«ገባች?»

«ገባች።»

ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋች። «እንግዲህ ነገ በጊዜ ትነሳለች» አለችና ወደ መጠለያው መንገድ ጀመረች።